ከሰም እስከ ስልክ፦ በገናችንንና ክራራችንን የሰሙ ጆሮዎች

እስቲ ከራሴ ስህተት ልጀምር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ዘመድ ልጠይቅ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። የአያቴ ወንድም፣ ቤተሰቡ ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው፣ በጾም ወቅት ማታ ማታ በገና ይደረድራሉ። እኔ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩ፣ ድኅረ ምረቃ ላይ ያለሁ፣ ስለ ሲግናል ማውራት የምወድ ሰው ነኝ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ስልኬን አወጣሁ፣ ከፊታቸው ወንበር ላይ አጋደምኩት፣ ቀይዋን ክብ ነካሁና አርባ ደቂቃ ቀዳሁ። በቃ፣ ያዝኩት አልኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ በጆሮ ማዳመጫ ስከፍተው ግን የአባባ ድምፅ አለ፣ በገናው የለም። በትክክል ለመናገር፣ በየምቱ መጀመሪያ ላይ «ዝም» የሚል ነገር ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ያ የበገና ረጅም ንዝረት፣ ያ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያንዘፈዝፈው «ዝዝዝ» ተቆርጧል። አባባ ደግሞ በዚያው ዓመት ክረምት እጃቸውን ታመሙ። ዛሬ ይዘምራሉ፣ ጣታቸው ግን አውታር ላይ እሺ አይልም።

የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው? ማይክሮፎን አልመረጥኩም። የባሰው ደግሞ እየመረጥኩ መሆኔን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ድምፅ ስትቀዱ ሁልጊዜ አንድ ጆሮ ትመርጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ጆሮ ደግሞ የሚይዘውም የሚጥለውም ነገር አለው። ዛሬ የማወራችሁ የእነዚህን ጆሮዎች ታሪክ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ክራር፣ በገና ወይም ጊታር ለመቅዳት የምታስቡ ከሆነ ታሪኩ ራሱ መመሪያ ይሆናችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብራና ላይ የተቀዳ ዜማ

ከማንኛውም ማሽን በፊት ድምፅን ለትውልድ የማቆየት ጥያቄ በእኛ አገር ተነስቶ መልስ አግኝቶ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት አሰናድተዋል። እነዚያ ከድጓው ፊደል በላይ የምታዩአቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ ጭረቶችና ፊደላት ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚጎተት ይናገራሉ። ደቡብ ጎንደር በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም፤ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት።

ምልክቱ ምን ይይዛል? የዜማውን መንገድ። ምን ይጥላል? የድምፁን ቀለም። ሁለት መርጌታዎች አንድ ዜማ በአንድ ምልክት ሲያዜሙ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ ሊኖረው ይችላል፤ ብራናው ግን ይህን አይነግራችሁም። ስለዚህ የቀረውን የሚሸከመው ተማሪው ነው፤ ዓመታት ከመምህሩ እግር ስር ተቀምጦ በጆሮው ይቀዳል።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር ጎረቤት ወደ ጋፋት ልውሰዳችሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል በ1867 የተሠራው እዚያ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፉን የሠራው በ1877፣ ማለትም ከ10 ዓመት በኋላ ነው። የጋፋትን መዶሻና ወናፍ ድምፅ ዛሬ ማንም ሊሰማው አይችልም። የጠፋው አስፈላጊ ስላልነበረ አይደለም። በቃ የሚይዘው ጆሮ ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

ሰም ላይ የቀረ የንግሥት ድምፅ

በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ላከች። ምኒልክና ጣይቱም በ1899 በዚያው መንገድ መለሱ። የሚገርመው፣ የቪክቶሪያ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ነበር፤ የእኛዎቹ መልስ ግን እስከ ዛሬ አለ። ደብረ ታቦር እንደተወለዱ የሚነገርላቸው እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበርም ይነገራል። በገናቸውን ግን በዚያ ማሽን ቢቀዱት ኖሮ ምን ይሰማን ነበር? ብዙም ነገር አይሰማንም። ለምን?

ያ ማሽን ማይክሮፎን የለውም። ኤሌክትሪክም የለውም። ያለው ሰፊ አፍ ያለው ቀንድ መሰል ነገር ነው፤ በጠባቡ ጫፍ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ጋር ደግሞ መርፌ ተያይዟል። ስትናገሩ አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቀንዱ ንቅጥቅጡን ሰብስቦ ሽፋኑን ይገፋል፣ መርፌው የሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ይቆፍራል። ሰሙን የሚቆፍረው ጉልበት በሙሉ ከሳንባችሁ የወጣ ነው! ስለዚህ ደካማ ድምፅ ሰሙን መጫር አይችልም።

ሌላም ገደብ አለ። ቀንዱና ሽፋኑ በደንብ የሚቀበሉት በግምት ከ200 እስከ 2,500 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ሄርዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የምንለካበት ነው። የጊታር ወፍራሙ አውታር 82 ሄርዝ አካባቢ ይመታል፤ ስለዚህ የዚያ አውታር መሠረት ከበሩ ውጭ ቀረ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጥፍር አውታር ሲነካ የምትሰማዋ «ጭጭ» የምትል ጥራት ከ3,000 ሄርዝ በላይ ስላለች እሷም ቀረች። የሰው ድምፅ ግን በአብዛኛው መሀል ስለሚወድቅ ይተርፋል።

በዚህ ጆሮ ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አፄ ምኒልክ ጀርመን የላኳቸው ስለ መኪና እንዲማሩ ነበር። ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ እዚያው ጀርመን ዘፈኖቻቸውን ሸክላ ላይ አስቀዱ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የንግድ ሸክላዎች መካከልም ይቆጠራሉ። ለሞተር ሄዶ ሙዚቃ ይዞ መመለስ! መሐንዲስ ነኝና ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል።

እስቲ ቦታው ላይ ራሳችሁን አስቀምጡ። ዝግ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተተከለ ቀንድ፣ ጊዜው ሦስት ደቂቃ ገደማ። ከራቃችሁ አትሰሙም፤ ድንገት ከጮኻችሁ መርፌው ከቦዩ ይወጣል። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው ነበር ራሱን ለማሽኑ የሚያመቻቸው። ሲጮህ ራሱን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ሲል ወደ ፊት። የመሣሪያው ምርጫም በዚህ ይወሰን ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚናገር መሣሪያ ያልፋል፣ እንደ በገና ያለ ለራሱ የሚያንጎራጉር ይወድቃል።

ኤሌክትሪክ ጆሮ ሲያበቅል

ለውጡ የመጣው ሁለት ሥራዎችን በመለያየት ነው። መስማት አንድ ሥራ፣ መቆፈር ሌላ ሥራ። ድምፅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሲግናል ብቻ ይፍጠር፤ ከዚያ ሲግናሉን በማጉያ አሳድገን መቆፈሪያውን እንገፋለን። በ1916 ኤድዋርድ ዌንት የተባለ አሜሪካዊ የኮንደንሰር ማይክሮፎንን ሠራ። በ1925 ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች ቀንዱን እየተዉ በማይክሮፎን መቅዳት ጀመሩ። ሹክሹክታ መቀዳት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬ ሱቅ ብትገቡ ከምታገኟቸው ማይኮች አብዛኞቹ የሁለት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አሠራራቸውን ካወቃችሁ የሻጩ ወሬ አያምታታችሁም።

የመጀመሪያው ዳይናሚክ ነው። የብስክሌት ዲናሞ ታውቃላችሁ አይደል? ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል፤ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ እርስ በርስ ሲንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ይፈጠራልና። ዳይናሚክ ማይክም እንደዚያው ነው። ስስ ሽፋን አለ፣ ከጀርባው የተጠቀለለ ሽቦ ተጣብቋል፣ ሽቦው ማግኔት ውስጥ ተቀምጧል። ድምፁ ሽፋኑን ሲያወዛውዝ ሽቦው ይወዛወዛል፣ ሲግናል ይወጣል። ኃይል አይፈልግም፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። በመድረክ ላይ የምታዩት የሹር ኤስኤም58 (1966) እና ወንድሙ ኤስኤም57 (1965) የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ችግሩ ምንድን ነው? ሽፋኑ ሽቦ ተሸክሞ ስለሚሮጥ ይከብደዋል፤ እንደ ጥፍር ምት ያለ ፈጣንና ቀጭን ነገር ላይ ትንሽ ይዘገያል። የሚያወጣው ሲግናልም ደካማ ስለሆነ ብዙ ማጉላት ይፈልጋል፤ ማጉያው ርካሽ ከሆነ ደግሞ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይጎላል።

ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። እዚህ ሽቦ የለም። እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ሳህኖች አሉ፤ አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላው እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ሽፋን። ሁለቱ መሀል የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ድምፅ ሽፋኑን ሲያቀርብና ሲያርቅ በሳህኖቹ መሀል ያለው ቮልት ይለዋወጣል፣ ሲግናል ይሆናል። ሽፋኑ ምንም ስለማይሸከም ቀልጣፋ ነው፤ የክራርን እያንዳንዷን ነቆራ ይይዛል። ግን አብዛኞቹ በገመዱ በኩል የሚላክ 48 ቮልት ይፈልጋሉ፣ እርጥበት አይወዱም፣ ደግሞም ሁሉን ይሰማሉ፦ ክራሩን፣ የጎረቤትን ዶሮ፣ ጓሮ ያለውን ውሻ፣ የራሳችሁን ትንፋሽ።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዓለምን የቀየረ አንድ ልጅ አለ። በ1962 ጀምስ ዌስት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሳይንቲስትና ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ቤል ላብስ ውስጥ ሙሉን በውስጡ ለዓመታት የሚይዝ ስስ ፕላስቲክ ተጠቅመው ማይክሮፎን ሠሩ። ኤሌክትሬት ይባላል። ከፍተኛ ቮልት አያስፈልገውም፤ ጥቂት ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ይበቃዋል። ዋጋው ወደቀ፣ መጠኑ አነሰ። በ1963 ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ደግሞ ሁለቱ ከጊዜ በኋላ ተገናኙ፤ በብዙ ቴፕ ሬከርደሮች ላይ እንደ ጤፍ ቀዳዳ የምትታይ ትንሽ ማይክ ተገጠመች። መቅዳት ከስቱዲዮ ወጥቶ ሳሎን ገባ።

ቤቷን ስቱዲዮ ያደረገችው እማሆይ

«ሳሎን ውስጥ የተቀዳ ነገር ዋጋ አለው እንዴ?» ካላችሁ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ላስታውሳችሁ። አዲስ አበባ በ1923 ተወልደው በ99 ዓመታቸው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ሊቅ ናቸው። በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጀ ሰላሙ ሜዳ ላይ የሚያድሩ፣ ለምነው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችን ያያሉ። ለእነዚህ ልጆች የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፣ ሙዚቃ ግን አለኝ ብለው ተነሡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ሆነ።

ያ ሸክላ የስቱዲዮ ሥራ ነው። ሌላ ቅጂ ግን አለ። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ፣ እየዘፈኑ፣ በቀጥታ ቴፕ ሬከርደር ላይ ቀዱ። ካሴቶቹ ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ በ2024 በአልበም ሲወጡ ዓለም በድንቅ አዳመጣቸው። ከጀርባ ከመስኮት ውጭ ያሉ ወፎች ይሰማሉ፣ የፒያኖው መቀመጫ ሲንቋቋ ይሰማል። ጥራቱ የስቱዲዮ አይደለም። ግን ቤቱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሰውየዋ አለች።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የእማሆይ ቴፕ ሬከርደር ማይክ ከዛሬ ስልካችሁ ማይክ የተሻለ አይደለም። ስልካችሁ ውስጥ ያለችው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽፋን ያላት፣ ሲሊከን ላይ የተቀረጸች የኮንደንሰር የልጅ ልጅ ናት፤ በጣም ጎበዝ ናት። ታዲያ የእሳቸው ወፍ ሲተርፍ የእኔ በገና ለምን ጠፋ?

በገናውን የበላው ማን ነው?

ማይኳ አይደለችም። ከእሷ ጀርባ ያለው ፕሮግራም ነው።

ስልክ በመጀመሪያ የተሠራው ለንግግር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ ስትደውሉ የሞተሩ ጩኸት እንዳይሰማ ድምፅ የሚያጣራ ፕሮግራም አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሳይቋረጥና ሳይለዋወጥ የሚቀጥል ድምፅ ካለ ሞተር ወይም ማራገቢያ መሆን አለበት ብሎ ይቀንሰዋል፤ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን ንግግር ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ይህ ማጣሪያ ተራ ድምፅ ስትቀዱም ይሠራል።

አሁን በገናን አስታውሱ። አሥር አውታር አለው። አውታሮቹ በርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዳቸው ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ እንዝራዋን ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል፣ ይለቃል፤ ያ የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ የሚወለደው እዚያ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ፣ እንዝራዋ ከዝቅተኛው መሠረታዊ ድምፅ በላይ ብዙ ከፍተኛ ድምፆችን ትጨምራለች። ለአባባ ይህ የበገና ነፍስ ነው። ለስልኬ ፕሮግራም ግን ረጅም፣ የማይለዋወጥ «ዝዝዝ» ነው። ማራገቢያ መሰለውና ጠረገው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ በገና ሰምቶ አያውቅም እንጂ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። እያንዳንዱ ጆሮ የሠሪውን ግምት ተሸክሞ ይመጣል። ምልክቱ ቀለም ጣለ፣ ቀንዱ ወፍራምና ቀጭን ጣለ፣ ስልኬ ደግሞ እንዝራውን ጣለ። የእኛ መሣሪያዎች በግምቱ ውስጥ ካልተካተቱ ምን እንደሚጣል ቀድመን ማወቅ ያለብን እኛው ነን።

ታዲያ እናንተ ምን ትመርጣላችሁ?

በመጀመሪያ፣ ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ በስልክ ቅዱ። ግን ማጣሪያውን የሚያጠፋ ምርጫ ያለው፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በዌቭ ፋይል የሚያስቀምጥ የመቅጃ መተግበሪያ ፈልጉ። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት። ከዚያ የግማሽ ደቂቃ ሙከራ አድርጉ፦ አንድ አውታር ምቱና ድምፁ በራሱ እስኪሞት ጠብቁ፣ መልሳችሁ ስሙ። ጭራው ድንገት ከተቆረጠ ማጣሪያው አለ ማለት ነው። እኔ ይህችን ግማሽ ደቂቃ ብከፍል ኖሮ አርባ ደቂቃ አልከስርም ነበር።

ማይክ ለመግዛት ከቻላችሁ ጥያቄው «የትኛው ይሻላል?» ሳይሆን «ቤቴ ምን ይመስላል?» ነው። ዝም ያለ ክፍል ካላችሁ ለክራር፣ ለበገናና ለጊታር ኮንደንሰር እመርጣለሁ፤ ሦስቱም ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ዝርዝራቸው የበዛ ነውና። ቤቱ ሰው የሚበዛበት፣ መንገድ ዳር ያለ ከሆነ ዳይናሚክ አቅርቦ መጠቀም ይሻላል፤ ቅርብ ያለውን አጉልቶ የሩቁን ችላ ማለት ይቀናዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን የትኛውም አያድናችሁም። የደብረ ታቦርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠብቁ፣ ወይም ንጋት ላይ ቅዱ።

ቀጥሎ ርቀት። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማይኩን ከ60 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው፤ አንድ ብር አታወጡበትም። ግን ጥንቃቄ፦ ከፊት ብቻ የሚሰሙ ማይኮች በጣም ሲቀርቡ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናሉ። የጊታርን ክብ ቀዳዳ ፊት ለፊት ብትይዙ «ቡም ቡም» ይላል፤ የሳጥኑ አየር 100 ሄርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ ነው። ስለዚህ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ትይዩ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ጀምሩ። ክራር ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው ዋናው ተናጋሪ፤ ማይኩን ወደ ቆዳው፣ ከሚነቁረው እጅ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት። ለበገና ደግሞ እኔ የምጀምረው ከገበቴው ፊት በ50 ሳንቲ ሜትር፣ በበርኩማው ከፍታ ነው። ከዚያ ጆሮ ይፍረድ፦ ሦስት ቦታ አንድ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ አወዳድሩ።

ክፍሉስ? ባዶ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል። ጋቢ ገመድ ላይ አንጠልጥሉ፤ ግን ግድግዳው ላይ አታጣብቁት፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ለምን? የ1,000 ሄርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ በብርታት የሚንቀሳቀሰው ከግድግዳው የሞገዱ ሩብ ያህል ርቆ ነው፣ ማለትም 8.5 ሳንቲ ሜትር ላይ። ጋቢው እዚያ ሲጠብቀው ጉልበቱን ይነጥቀዋል። የ100 ሄርዝ ሞገድ ግን 3.4 ሜትር ስለሆነ ጋቢያችሁን አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ጋቢ ማስተጋባትን ይቀንሳል እንጂ ጉርምርምታን አያጠፋም።

አንዳንዴ የሚጠየቅ ጥያቄም አለ፦ «ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ስሱ አየር ቅኝቱን ይለውጠዋል?» አይለውጥም። የአውታር ቅኝት የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ነው። የድምፅ ፍጥነትም በዋናነት የሙቀት መጠንን እንጂ የአየር ግፊትን አይከተልም። ክራራችሁ ማታ ማታ ቅኝቱን የሚስተው በጉና ብርድና በእርጥበት ነው። ማይካችሁንም ከብርድ አውጥታችሁ ሰው የሞላበት ሙቅ ክፍል ወዲያው አትክፈቱት፤ ጤዛ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ይልመድ።

የመጨረሻው የድምፅ ልኬት ነው። ነሐሴ 13፣ የከተማዋን ስም በተሸከመው በዓል፣ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ሰምታችኋል። ያ ጩኸት የሚፈጠረው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ ስለሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ምት ልኬቱ ጣሪያ ላይ ካለ ቅጂውን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ነገር ደግሞ አይመለስም። ክራርም በትንሹ እንደዚያው ነው፤ የምቱ መጀመሪያ ሹል ነው። መለኪያው ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲሄድ አድርጉ። ዝግ ብሎ የተቀዳ ነገር በኋላ ይጎላል።

ወደ ደብረ ታቦር መመለስ

ባለፈው ዓመት ጾም ላይ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ተውሼ ያመጣሁት አንድ ኮንደንሰር፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥንና ሁለት ጋቢ ይዤ ነበር። አባባ በገናቸውን ከግድግዳ አወረዱት፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት፣ ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለአክስቴ ልጅ ሰጧት። ሰንበት ትምህርት ቤት መደርደር እየተማረች ነው።

ማይኩን የት እንደማደርገው ትንሽ ግራ ገባኝ። ወደ በገናው ብቻ ባዞረው የአባባ ድምፅ ይርቃል። በመጨረሻ በሁለቱ መሀል አቆምኩት፣ ሞከርኩት፣ የአውታሩ ጭራ እስከ መጨረሻው ተሰማ። ቀዳን።

ቅጂው ንጹሕ አይደለም። ልጅቷ ደጋግማ ትሳሳታለች። በየመሀሉ አባባ «ቆይ ቆይ ልጄ፣ አታስቸኩዪው፣ እንዝራው ይናገር» ይሏታል። ውጭ አህያ ይጮሃል። አንዴ ደግሞ አባባ ትዕግሥታቸው አልቆ አንዷን አውታር ራሳቸው ነኳት። አንድ ምት ብቻ ናት። ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሰባት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ጠበቁት።

ያቺን ምት ይዣታለሁ። እናንተም ቤት በገና ወይም ክራር የሚነካ፣ መሰንቆ የሚመታ፣ ወይም ጊታር እየነካ የሚያንጎራጉር ሰው ካለ ዛሬ ማታ የግማሽ ደቂቃዋን ሙከራ አድርጉ። አውታሩን ምቱ፣ እስኪሞት ጠብቁ፣ መልሳችሁ ስሙ።